ሁለት ፊት ያለው ማሰሮ፦ ተረትንና የዘመንን ጥያቄ በሸክላ ላይ የመሥራት መመሪያ

ማሰሮ ክብ ነው። የዚህ መመሪያ ነገር ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል በአንድ እይታ ያልቃል። ማሰሮ ግን ሁልጊዜ ከኋላው አንድ ነገር ይደብቃል። ሙሉውን ለማየት ወይ እናንተ ትዞራላችሁ፣ ወይ እሱን ታዞሩታላችሁ። ቅኔ የሚወድ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፦ ፊት ለፊት ያለው ሰም ነው፤ ወርቁ ዞር ሲባል ይገኛል።

ስለዚህ በሸክላ ተረት መናገር፣ በተረቱም ስለሚኖርበት ዘመን አንድ ነገር ማለት የሚፈልግ ሰው ገና ጭቃ ሳይነካ አንድ ነገር ይወስን። የቱ ከፊት ይሁን? የቱ ከኋላ?

እዚህ አንድ ማሰሮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሠራለን። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ትከሻው ሰፋ ያለ፣ ያለ ማሽከርከሪያ በእጅ የሚገነባ። ተረቱ የቻይናዋ የኑዋ ተረት ነው። ከ1,800 ዓመት ገደማ በፊት በጽሑፍ ሰፍሯል፤ እንዲህ ይላል። ሰማይና ምድር ተለያይተው ሰው ግን ገና አልነበረም። ኑዋ የምትባል አምላክ ቢጫ አፈር አቡክታ ሰዎችን አንድ በአንድ በእጇ ታበጅ ጀመር። ሥራው በዛባት፤ ደከማት። ገመድ አነሳች፣ ጭቃ ውስጥ ነከረች፣ አውጥታ አርገፈገፈችው። የተንጠባጠበው ሁሉ ሰው ሆነ። በእጅ የተበጁት ባለጸጎችና መኳንንት ሆኑ። ከገመዱ የተንጠባጠቡት ደግሞ ድሆችና ተራ ሰዎች።

ይህን ተረት ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። አንድ ሰው ድህነትን በጭቃ አወዳደቅ ሊያስረዳ ሞክሯል። ለሸክላ ሠሪ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ተረት የለም፤ ሁለቱም ወገን በእጃችን ያለው ነገር ነውና።

1. ተረቱን ምረጡ

የኑዋን ተረት ካልፈለጋችሁ የራሳችሁን አምጡ። አራት አምስት ተረት ወረቀት ላይ ጻፉ። እያንዳንዱን ለሰው በአንድ ትንፋሽ ንገሩ። ተነግሮ ካላለቀ ለማሰሮ ረጅም ነው። ከዚያ ጠይቁ፦ በዚህ ተረት ውስጥ ሐሳቡ ያልተጠየቀ ማን ነው? ጥፋቱ የተጫነው በማን ላይ ነው? የዘመናችሁ ጉዳይ የሚገባው በዚያ ቀዳዳ ነው።

ስለ ጭቃ የሚናገሩ ተረቶች ብዙ ናቸው። የበግ ራስ ያለው የግብጹ አምላክ ክኑም ሰዎችን በሸክላ ማሽከርከሪያ ላይ ያበጃል። በሜሶጶጣሚያ ደግሞ ሰው ከመፈጠሩ በፊት ቦይ የሚቆፍሩት ታናናሾቹ አማልክት ነበሩ። ታከታቸው። መሣሪያቸውን አቃጠሉ፣ የአለቃቸውን ቤት ከበቡ። ሰው ከጭቃ የተሠራው ያንን ሥራ እንዲረከብ ነው። የሰው ልጅ ታሪክ በሥራ ማቆም አድማ ሲጀምር አስቡት! ጽሑፉ ለእኛ የደረሰውም በሸክላ ጽላት ላይ ነው።

ፓንዶራም አለች። ብዙ ሰው "የፓንዶራ ሳጥን" ይላል። በጥንቱ ግሪክኛ ግን የከፈተችው ሳጥን አይደለም፤ ፒቶስ ነው፣ ማለትም ትልቅ ጋን። ሳጥን የሆነው በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ላቲን ሲዞር ነው። ጋኑን ራሱን ሠርታችሁ "የዓለም መከራ ሁሉ በአንዲት ሴት እጅ መጣ" የሚለውን ነገር ልትመረምሩበት ትችላላችሁ። ክዳኑን ማን ሰጣት? ጋኑን ማን ሞላው? ይህ ጥሩ ማሰሮ ይወጣዋል።

አንድ ምክር። የዛሬውን ዜና እንዳለ አትለጥፉበት። የታወቀ ሰው ፊት ማሰሮ ላይ ሲቀረጽ ለጊዜው ያስጨበጭባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን "ይሄ ማነው?" ይባላል። የምትሠሩት በሰዎች መካከል ያለውን ነገር ይሁን፦ የሚያዝዝና የሚታዘዝ፣ የሚታይና የማይታይ። ሸክላ ዕድሜው ረጅም ነው። እንደዚያው የሚቆይ ነገር ስጡት።

ስትጨርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉና ከሥራ ጠረጴዛችሁ በላይ ለጥፉት። የእኔ ይህ ነው፦ "በእጅ የተበጀውም የተንጠባጠበውም ያው ጭቃ ነው።"

2. ቅጽበቱን ምረጡ

በተረት ውስጥ ብዙ ነገር ይሆናል። ማሰሮው ላይ የሚገባው ግን አንድ ቅጽበት ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዋናውን ግርግር ይመርጣል፦ ጦርነቱን፣ ደሙን፣ ጩኸቱን።

ኤክሴኪያስ የተባለው የአቴና ሸክላ ሠሪና ሠዓሊ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ540 እስከ 530 ባለው ጊዜ ገደማ የሠራው ባለ ሁለት እጀታ እንስራ አለ። ዛሬ በቫቲካን ሙዚየም ይገኛል። በላዩ ያሉት የትሮይ ጦርነት ጀግኖች አኪሌስና አያክስ ናቸው። አይዋጉም። ተቀምጠው ጠጠር እየጣሉ ይጫወታሉ። ጎንበስ ብለዋል፤ ጦራቸው ግን ከትከሻቸው አልወረደም። አኪሌስ የራስ ቁሩን አላወለቀም፤ የአያክስ ከኋላው ጋሻው ላይ ተቀምጧል። ከአፋቸው አጠገብ የጣሉት ቁጥር ተጽፏል፦ አኪሌስ አራት፣ አያክስ ሦስት። ተመልካቹ የሚመጣውን ያውቃል። አኪሌስ ጦርነቱ ላይ ይሞታል፣ አያክስ በገዛ እጁ። ሰዓሊው ይህን አልሣለውም። አራትና ሦስት ብቻ ጻፈ። ልብ የሚሰብረው እሱ ነው።

እናንተም ነገሩ ከመድረሱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ፈልጉ። በእኛ ማሰሮ ኑዋ ገመዱን ገና ልታነሳ እጇን ዘርግታለች። ፊቷ ላይ ድካም አለ። ክፋት የለም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ በደል የሚጀምረው አንድ ሰው ሲደክመውና አቋራጭ ሲፈልግ ነውና።

3. ዙሪያውን አቅዱ

የማሰሮው ሆድ ስፋት 22 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው በ3.14 ሲባዛ 69 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ያን ያህል ርዝመት ያለው ወረቀት ቁረጡ። ጫፍና ጫፉን አገናኝታችሁ በሆነ ክብ ዕቃ ላይ አጥልቁትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከአንድ ቦታ በደንብ የሚታየው አንድ ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ጎንና ጎኑ እየሸሸ ይሄዳል።

አሁን ወረቀቱን ዘርጉና ክፈሉት። አንድ ሦስተኛው የፊት ነው፤ ኑዋና በእጇ ያበጀቻቸው ሰዎች። ከፊት ትይዩ ያለው የኋላ ነው፤ የተንጠባጠቡት። የቀሩት ሁለት ጠባብ ክፍሎች መሸጋገሪያዎች ናቸው። እኔ ከሁሉ በላይ የምጨነቅባቸው እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ከፊት ወደ ኋላ እንዲዞር የሚስበው ነገር እዚያ መኖር አለበት። በአንደኛው የኑዋን ገመድ አድርጉ። ጫፉ ከፊት ጀምሮ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ከዓይን ይሰወራል። ተመልካች ገመድ ሲያይ ጫፉን መከተሉ አይቀርም። በሁለተኛው በኩል ከኋላ ወደ ፊት የሚሄድ የእግር ዱካ ቅረጹ። ከተንጠባጠቡት አንዱ ወደ ፊተኛው ወገን እየሄደ ነው። ይድረስ አይድረስ አትናገሩ።

4. ጭቃውን አዘጋጁና ገንቡ

ቀይ ጭቃ ውሰዱ፤ አምስት ኪሎ ይበቃል። የተፈጨ ገል የተቀላቀለበት ከሆነ ለግንባታ ይመቻል፤ ሲደርቅም የመሰንጠቅ ዕድሉ ይቀንሳል። ገሉ ግን ደቃቅ ይሁን። ሻካራ ከሆነ ስትቀርጹ መሣሪያችሁን እየያዘ መስመሩን ያበላሸዋል።

ጭቃውን በደንብ እሹት። ከዚያ በሽቦ ለሁለት ቁረጡና ፊቱን እዩ። ቀዳዳ ከታየ እንደገና እሹ። መቀመጫውን ክብ አድርጋችሁ ጠፍጥፉ፤ ውፍረቱ አንድ ሳንቲ ሜትር። ከዚያ ጭቃውን እንደ ገመድ እያድቦለቦላችሁ ዙሪያውን ደርቡ። በየድርቡ መገናኛውን በሹካ ጫፍ ጫሩ፣ በቀጭን ጭቃ አርጥቡ፣ በውስጥም በውጭም በአውራ ጣት ወደ ታች ጎትቱ። የግድግዳው ውፍረት ሰባት ወይም ስምንት ሚሊ ሜትር ይሁን። ሦስት አራት ድርብ ከሠራችሁ በኋላ ትንሽ ጠንከር እስኪል ጠብቁ። ካልጠበቃችሁ ከላይ ያለው ክብደት የታችኛውን ያንበረክከዋል።

ጭቃ ሲደርቅና ሲተኮስ ይቀንሳል። ብዙዎቹ አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳሉ። 30 ሳንቲ ሜትር ከፈለጋችሁ እርጥቡን 33 አድርጉት።

ስለ ቅርጹ አንድ ነገር ልበል። ማሰሮ የሰው አካል ስም አለው፦ አፍ፣ አንገት፣ ትከሻ፣ ሆድ። ይህ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ትከሻው ላይ ነው፤ ስለዚህ ዋናው ነገር እዚያ ይሁን። ወደ ታች ያለው ክፍል ጥላ ውስጥ ይገባል፤ ለሚፈልግ ሰው ብቻ የሚገኝ ነገር አስቀምጡበት። ግንባታው ሲያልቅ በእንጨት ቀስ አድርጋችሁ ዙሪያውን ምቱት፣ በብረት መላጊያ አለስልሱት። ከዚያ በፕላስቲክ ሸፍኑና እደሩ።

5. ነጩን ቅብ ቀቡ

ሴራሚክ የሚሠሩ ሰዎች ስሊፕ ይሉታል። ነጭ ጭቃ በውሃ የቀጠነ ነው። ከቀዩ ጭቃ ጋር በአንድ ሙቀት የሚተኮስ መሆን አለበት። ካልሆነ አንዱ ሲቀንስ ሌላው አይከተልም፤ ቅቡ ይላጣል። በወንፊት አጥልሉት። ውፍረቱን በጣት ፈትኑ፦ ስትነክሩት የቆዳችሁን ቀለም መሸፈን አለበት፤ የጣታችሁ መጨማደድ ግን መታየት አለበት።

ሙሉውን በአንድ ባልዲ አዘጋጁ። ከግማሽ በላይ አስተርፉ። ለኋላ የሚሆነው ጠብታም ከዚያው ይወጣል። ሌላ አትበጥብጡ።

ማሰሮው ጣት ሲጫነው የማይጎደጉድ፣ ጥፍር ሲያገኘው ግን የሚጫር ሲሆን ጊዜው ደርሷል። የፊተኛውን ክፍል ብቻ በሰፊ ለስላሳ ብሩሽ ቀቡ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለማለፍ የእርጥበቱ ብልጭታ እስኪጠፋ ጠብቁ። የኋላውን አትንኩት። ቀይ ሆኖ ይቅር።

6. ገመዱን አርገፍግፉ

በጣም የምወደው ሥራ ይሄ ነው። ጊዜ ስጡት።

የቀባችሁትን ፊት በእርጥብ ጋዜጣ ሸፍኑ። ጋዜጣው በራሱ ይጣበቃል። ማሰሮውን ኋላው ወደ እናንተ እንዲሆን አቁሙት። 40 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የጥጥ ገመድ ውሰዱና ጫፉን ፍቱት፤ እንደ ፀጉር ይበታተን። ባልዲው ውስጥ ንከሩት። አንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ ጠረግ አድርጉ። ከማሰሮው ክንድ ያህል ራቁ። ከዚያ በእጅ አንጓ ብቻ፣ ፈጠን አድርጋችሁ፣ አርገፍግፉ።

የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ትልልቅ ናቸው። ወፍረው ይወርዳሉ፣ ጭራ ያወጣሉ። ቀጥሎ ያሉት ያንሳሉ። ገመዱ ሊደርቅ ሲል የሚወጡት የመርፌ ራስ ያክላሉ። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። የተበላሸ የሚመስል ጠብታ አትጥረጉ። ለመጥረግ እጃችሁ ይቅበጠበጣል፤ እኔም እያንዳንዱ ጊዜ ይቅበጠበጥብኛል። ተዉት።

አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩ። የጠብታው መሃል ከፍ ይላል፣ ዙሪያው ይሳሳል። ብልጭታው መጀመሪያ ከጠርዝ ይጠፋል፤ ከዚያ ወደ መሃል እየጠበበ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ አንዲት ነጥብ ብርሃን ትቀራለች፤ እሷም ትጠፋለች። ጭራ ያወጣው ሰው ይመስላል፦ ራስ አለው፣ አንድ እግር አለው። ሁለት ጠብታ ሲነካካ የተቃቀፉ ይመስላሉ። ማንም አልሣላቸውም።

ብልጭታው በጠፋ በአሥር ደቂቃ ውስጥ መርፌ ያዙ። እያንዳንዱን ትልቅ ጠብታ ሁለት ነጥብና አንድ አጭር መስመር አድርጉበት። ዓይንና አፍ። ሌላ ምንም። ከእጅ ማረፍ የተነሳ አንዱ የሚስቅ፣ አንዱ የሚቆጣ ይመስላል። አታስተካክሉ። በመጀመሪያ ማሰሮዬ ላይ ይህን ሳልሠራ ቀርቼ ነበር። ጠብታዎቹ ጠብታ ብቻ ሆነው ቀሩ። ያየው ሰው ሁሉ "ጥሩ ጌጥ ነው" ብሎ አለፈ። ተረቱ ድሆቹን ያየበትን ዓይን እኔም ደገምኩት። ያ እስካሁን ይቆረቁረኛል። ሁለት ነጥብ ዓይን ነገሩን ሁሉ ይቀይረዋል።

7. ፊቱን ቅረጹ

ጋዜጣውን አንሱ። ነጩን ቅብ እየጫሩ ቀዩን ማውጣት ስግራፊቶ ይባላል። ትክክለኛውን ሰዓት መሣሪያው ይነግራችኋል። የምትቆርጡት ጭቃ እርሳስ ሲቀረጽ እንደሚወጣው ልጣጭ ተጠቅልሎ ከወጣ አሁን ነው። ከተጣበቀ ቆዩ። ዱቄት ከሆነ ዘግይታችኋል፤ በውሃ ርጩና በፕላስቲክ ሸፍናችሁ አሳድሩት።

ማሰሮው ላይ ከመጀመራችሁ በፊት ግን ቁርጥራጭ ላይ ተለማመዱ። ገልን መናቅ አይገባም። የአቴና ዜጎች አንድን ሰው ለአሥር ዓመት ከከተማ ለማስወጣት ድምፅ የሚሰጡት ስሙን ገል ላይ ጭረው ነበር። በአክሮፖሊስ ጉብታ አጠገብ ከአንድ ጉድጓድ 190 ገደማ ገሎች ተገኝተዋል፤ ሁሉም የፖለቲከኛው የቴሚስቶክሊስ ስም ያለባቸው። ጽሕፈቱ ሲመረመር የ14 ያህል ሰዎች እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አስቀድሞ ተጽፎ ሊታደል ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ከ2,400 ዓመት በላይ ቆይቶም የመስመሩ አጣጣል ሰዎቹን አሳበቀባቸው። እጃችሁ በጭቃ ላይ የሚተወው ነገር ይሄን ያህል ይናገራል።

ከትልቁ ወደ ትንሹ ሂዱ። መጀመሪያ የኑዋን የዙሪያ መስመር በወፍራም መሣሪያ። ቀጥሎ በእጇ የተበጁትን። እነሱን አታስቸኩሉ፤ የልብሳቸውን ጥልፍ፣ የፀጉራቸውን ጉንጉን፣ የጣታቸውን ቀለበት አውጡ። አሳምሯቸው። ፊተኛው ወገን በእውነት ማማር አለበት። አስቀያሚ ካደረጋችኋቸው ተመልካቹ ወዲያው ያውቅባችኋል፤ ማሰሮው ስብከት ይሆናል። በ2003 የተርነርን የሥነ ጥበብ ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ግሬይሰን ፔሪ የሚሠራቸውን ማሰሮዎች ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ከሩቅ ሲታዩ ያማሩ የሳሎን ዕቃዎች ናቸው። ሲቀርቧቸው ነው የሚናገሩት።

ፍርፋሪውን በአፍ እፍ አትበሉት፣ በእጅም አትጥረጉት፤ ቅቡን ያቆሽሻል። ሲደርቅ ይነሳል።

8. መጻፍ ካለባችሁ

ጽሑፍ አደገኛ ነው። ማሰሮው ያልቻለውን እንዲናገር ሲጻፍ ይታወቃል። ሆኖም ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

በ1787 እንግሊዝ ውስጥ የጆሳያ ዌጅውድ ፋብሪካ ትንሽ የሸክላ ሜዳልያ አወጣ። በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ እጆቹን ያነሳል። ዙሪያውን "ሰው አይደለሁምን? ወንድምስ አይደለሁምን?" የሚል ተጽፏል። ሰዎች በአምባርና በፀጉር ማስያዣ አድርገው ለባርያ ንግድ መቆም ታገሉበት። ትልቅ ሥራ ሠርቷል። ሰውየው ግን ተንበርክኮ ይለምናል። ቃሉንም የጻፈው እሱ አይደለም።

ሁለተኛው ዴቪድ ድሬክ ነው። በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ኤጅፊልድ ባርያ ሆኖ ሸክላ ይሠራ ነበር። ከሠራቸው ጋኖች ትልልቆቹ 150 ሊትር ያህል ይይዛሉ። በዚያ ግዛት ባሮችን መጻፍ ማስተማር በሕግ ተከልክሎ ነበር። እሱ ግን በእርጥቡ ጋን ትከሻ ላይ ስሙን፣ ቀኑን፣ አንዳንዴም ሁለት ስንኝ ይጽፍ ነበር። በነሐሴ 1857 በአንዱ ላይ የጻፈው "ዘመዶቼ ሁሉ የት ይሆኑ?" ብሎ የሚጠይቅ ነው። ቀጥሎ ለሕዝብ ሁሉ ወዳጅነትን ይመኛል። ሁለት መስመር ብቻ። ቤተሰብ እየተነጠለ የሚሸጥበት ዘመን በዚያ ጋን ላይ አለ።

እኔ የምማረው ከድሬክ ነው። ጽሑፉ ከማሰሮው ሰው አፍ ይውጣ። አጭር ይሁን። ቀን ይኑረው። እዚህ ማሰሮ ላይ እኔ ምንም አልጻፍኩም፤ ጠብታዎቹ በቂ መሰሉኝ።

9. መቀመጫውን አትርሱ

ማሰሮ ሲገለበጥ ሌላ ገጽ አለው። ከ1917 የሩስያ አብዮት በኋላ በፔትሮግራድ የነበረው የንጉሡ የሸክላ ፋብሪካ ብዙ ያልተሣሉ ነጭ ሳህኖች ተገኙበት። ከታች የንጉሡ ምልክት አለባቸው። ሠዓሊዎቹ ከላይ የአብዮት መፈክር ሣሉባቸው። ከታች የንጉሡን ምልክት በቀለም ሸፈኑና መዶሻና ማጭድ አደረጉ። አንድ ሳህን ሁለት መንግሥት ተሸክሞ ቀረ። ስማችሁንና ዓመቱን መቀመጫው ላይ ጻፉ። አንድ ጠብታም ጣል አድርጉበት።

10. አድርቁ

በፕላስቲክ ልል አድርጋችሁ ሸፍኑ። ሁለት ሳምንት። በየቀኑ ትንሽ ክፈቱት። አፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ እሱን ሸፍናችሁ ቆዩ። ከንፋስና ከፀሐይ ይራቅ። ጉንጫችሁ ላይ ስታስጠጉት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ገና እርጥበት አለው።

ሲደርቅ የቀረጻችሁበትን ሻካራ ጠርዝ በለስላሳ ብሩሽ አንሱ። እዚህ ላይ ጭንብል አድርጉ፣ አቧራ የሚያግድ ደህና ጭንብል። የጭቃ አቧራ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለው፤ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በ2010 ቻይናዊው የጥበብ ሰው አይ ዌይዌይ 100 ሚሊዮን የሱፍ ፍሬ ፖርስሊን ከሚባለው ነጭ ሸክላ አሠርቶ ለንደን በቴት ሞደርን ሙዚየም ወለል ላይ አነጠፈ። በቻይና ጂንግዴዤን ከተማ 1,600 ያህል ባለሙያዎች አንድ በአንድ የሠሯቸው ናቸው። ሰው እንዲራመድባቸው ታስቦ ነበር። ወዲያው ግን አቧራው ለጤና ያሰጋል ተብሎ ተከለከለ። በሥራ ቦታችሁ ወለሉን በመጥረጊያ አትጥረጉ። በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት።

11. ተኩሱ

የኤሌክትሪክ እቶን ከሆነ ከ100 ዲግሪ በታች ጥቂት ሰዓታት አቆዩት። ውስጡ የቀረ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ከሆነ ማሰሮውን ያፈነዳዋል። ከዚያ እስከ 600 ዲግሪ በሰዓት 100 ገደማ እየጨመራችሁ ሂዱ። በ573 ዲግሪ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድን በድንገት ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝም እዚያው ላይ ይኮማተራል። በጥድፊያ ካለፈ ስንጥቅ ይመጣል። ከ600 በላይ ፈጠን ይበል። የመጀመሪያው ተኩስ 1,000 ዲግሪ ገደማ ላይ ያበቃል። ከ100 ዲግሪ በታች ሳይወርድ በሩን አትክፈቱ። መጠበቅ ከባድ ነው፤ ግን ጠብቁ።

12. ግሌዙን ለፊት ብቻ

ግሌዝ ሲተኮስ እንደ መስታወት የሚሆነው ቅብ ነው። እርሳስ የሌለበትን ምረጡ። ለቀይ ሸክላ የሚሆኑት በብዛት ከ1,000 እስከ 1,100 ዲግሪ ይቀልጣሉ፤ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ቀለም የሌለውን ወስዳችሁ ፊቱን ብቻ ቀቡ፤ ስስ አድርጋችሁ። ወፍራም ከሆነ መስመሮቹን ይውጣቸዋል። መቀመጫውን በስፖንጅ አጥሩ፤ ካልሆነ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ይጣበቃል።

ኋላውን እንዳለ ተዉት። ፊቱ ያበራል፣ ኋላው ይደበዝዛል። ኋላውን የሚያውቀው ግን እጅ ነው። ጠብታዎቹ ከቀዩ ጭቃ በላይ ከፍ ብለው ይዳሰሳሉ። ዓይኑን የጨፈነ ሰው በጣቱ ሊቆጥራቸው ይችላል። ፊቱ ላይ ግን ጣቱ ይንሸራተታል።

13. የሚቆምበትን ቦታ ምረጡ

ግድግዳ ላይ በተጣበቀ መደርደሪያ ካስቀመጣችሁት ግማሹን ሥራ ቀበራችሁት። መስታወት ከኋላው ማቆምም አይሁን፤ ሰው እንዳይዞር ያደርገዋል። ዙሪያውን ክፍት የሆነ ጠረጴዛ ፈልጉ። ከፍታው የማሰሮው ትከሻ ከሰው ደረት ትይዩ እንዲሆን አድርጉ። ሰው የሚገባበትን በር እዩና ፊቱን ወደዚያ አዙሩ። ኑዋ ትቀበለው። ገመዱን ተከትሎ ይዙር። እንዲነካ ከፈቀዳችሁ በግልጽ ጻፉለት፤ ሰው ሸክላ መንካት ይፈራል።

መግለጫ ወረቀት አጠገቡ ማስቀመጥ ካስፈለገ ተረቱን አትተርኩበት። ምን እንደሚል አታስረዱ። የተሠራበትን ብቻ አስፍሩ፦ "ቀይ ጭቃ፣ ነጭ ቅብ። ፊቱና ኋላው ከአንድ ባልዲ።"